ጆን ቲንደል፤ የብርሃንና የአቧራ መርማሪ (1820–1893)

የኒውተንንና የፋራዴይን ስም ሳይሰማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አይገኝም። የጆን ቲንደልን ስም ግን ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በቀር ብዙዎቻችን የምናውቀው አይመስለንም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በለንደን ከተማ ንግግር በሚያደርግበት ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፤ መጻሕፍቱም በአውሮፓና በአሜሪካ በሰፊው ይነበቡ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ ባጭሩ ለማቅረብ አስበናል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንሆን ስለ አንድ የፊዚክስ ሊቅ ለመጻፍ የተነሣንበት ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፣ ቲንደል ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥቶ በራሱ ጥረት ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ሰው ስለ ሆነ፣ ታሪኩ ለማንኛውም ተማሪ የሚጠቅም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እሱ በአንድ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የጀመረው ምርመራ፣ ዛሬ የዝናብንና የድርቅን ነገር ለሚያጠኑ ሰዎች ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ መገኘቱ ነው። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚከተል ደግሞ ለኢትዮጵያ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጆን ቲንደል ኦገስት 2 ቀን 1820 በአየርላንድ አገር በካርሎ አውራጃ፣ ሌክሊንብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በፖሊስነት የሚያገለግል፣ ሀብት የሌለው ነገር ግን ንባብ የሚወድ ሰው ነበር። አባትየው ፕሮቴስታንት ሲሆን ልጁን እንዲያስተምርለት የሰጠው ለካቶሊካዊው መምህር ለጆን ኮንዊል ነበር፤ ሰውየው በሒሳብና በመሬት ቅየሳ ትምህርት የታወቀ ነበርና። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ እርስ በርሳቸው በምን ዓይን ይተያዩ እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የአባትየው ውሳኔ ቀላል ነገር ሆኖ አይታየውም። ለልጁ ትምህርት ሲል የወገንን አጥር ዘልሎ ሄዷል ማለት ነው።

ወጣቱ ቲንደል ከኮንዊል ዘንድ የተማረው ሒሳብና ቅየሳ ቶሎ እንጀራ ሆነው። በ1839 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የአየርላንድን ካርታ በሚያነሣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በካርታ ነዳፊነት ተቀጠረ። በ1842 ደግሞ በዚሁ ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ፕሬስተን ከተማ ተዛወረ። እዚያ ሲደርስ ያየው ነገር አላስደሰተውም። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ከአየርላንድ የመጡት ሠራተኞች የሚያዙበት አኳኋንም በደል የሞላበት ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አቤቱታ አቀረበ፤ በጋዜጣም ጻፈ። የዚህም ዋጋ በ1843 ከሥራ መባረር ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ወጣት ያለ ሥራ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ።

ነገር ግን በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ትልቅ ሽሚያ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ መሬት መቀየስ የሚያውቅ ሰው በብርቱ ይፈለግ ነበር። ቲንደል ከ1844 እስከ 1847 በሐዲድ ቅየሳ ሥራ ገብቶ ሌሊትና ቀን እየሠራ ጥቂት ገንዘብ አጠራቀመ። በ1847 በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በኵዊንውድ ኮሌጅ የሒሳብና የቅየሳ መምህር ሆነ። እዚያም ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ከሚባል ወጣት የኬሚስትሪ መምህር ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ ጓደኛሞች ተማከሩና፣ በ1848 ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ጀርመን አገር ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያን ጊዜ የሙከራ ሳይንስ ከእንግሊዝ ይልቅ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ይበልጥ ያብብ ነበርና። ቲንደል ዕድሜው 28 ነበር። ጀርመንኛውን እየተማረ፣ የታወቀውን የሮበርት ቡንሰንን የኬሚስትሪ ትምህርት እያዳመጠ፣ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት ለመጨረስ እየተጣደፈ፣ በ1850 የዶክቶር ማዕረግ ተቀበለ።

ማዕረጉ ግን ወዲያው ሥራ አላመጣለትም። ወደ ኵዊንውድ ተመልሶ ማስተማር ግድ ሆነበት። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር እንደሚፈልግ ሰምቶ አመለከተ፤ ቶማስ ሃክስሊ የሚባለው ወዳጁም ለእንስሳትና ለዕፅዋት ጥናት ክፍል አመለከተ። ሁለቱም አልተቀበሏቸውም። ዛሬ እነዚህ ሁለት ስሞች በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የያዙትን ቦታ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያስገርመዋል።

የዕድሉ በር የተከፈተለት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1853 ነው። በዚያ ዓርብ ማታ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ንግግር እንዲያደርግ ተጠርቶ፣ አነጋገሩና ሙከራው አድማጩን ሁሉ ስለ ማረከ በዚያው ዓመት የተቋሙ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመረጠ። እዚያ ትልቁ ማይክል ፋራዴይ ነበር። ፋራዴይም የአንጥረኛ ልጅ ሆኖ በመጽሐፍ ጠራዥነት ያደገ ሰው ስለ ነበር፣ ሁለቱ በዕድሜ ቢራራቁም በመንፈስ ተቀራረቡ። ፋራዴይ በ1867 ሲሞት ቦታውን የወረሰው ቲንደል ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ስለ መምህሩ ሥራ አንድ መጽሐፍ ጻፈ።

ቲንደል የክፍል ውስጥ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1856 ከሃክስሊ ጋር የበረዶ ግግርን ጠባይ ለመመርመር ወደ አልፕስ ተራሮች ከሄደ ወዲህ፣ በየዓመቱ የክረምት ዕረፍቱን እዚያ ያሳልፍ ነበር። በ1861 ቫይስሆርን የተባለውን፣ ከራስ ዳሽን ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ያለውን የስዊስ ተራራ፣ ከሁለት መንገድ መሪዎች ጋር ሆኖ ከሁሉ አስቀድሞ ወጣው። ይህን የምንጠቅሰው ለጀብዱነቱ ብቻ አይደለም። በከፍታ ላይ የፀሓይ ሙቀት እንዴት እንደሚያቃጥል፣ በጥላው ውስጥ ደግሞ ብርዱ እንዴት እንደሚቆረጥም፣ የሰማዩም ሰማያዊነት እንዴት እንደሚጠልቅ ያየው እዚያ ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንግባ። በ1859 ቲንደል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ። አየር ለዓይናችን ብርሃን የሚያሳልፍ ንጹሕ ነገር ነው፤ ሙቀትንስ እንዲሁ ያሳልፋልን? ከሚፈላ ውኃ ዕቃ የሚወጣው፣ ለዓይን የማይታየው የሙቀት ጨረር በአየር ውስጥ ሲያልፍ ይቀነሳልን? ይህን ለመመርመር ረጅም የናስ ቱቦ አሠራ። ጫፍና ጫፉን በመስተዋት እንዳይዘጋው መስተዋት ራሱ ይህን ዐይነቱን ሙቀት ይውጠዋል። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ የተወለወለ የድንጋይ ጨው ሰሌዳ ገጠመበት። አሞሌ የሚቆረጥበት ማዕድን በለንደን የሳይንስ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ከቱቦው በአንዱ ወገን የሙቀቱን ምንጭ፣ በሌላው ወገን እጅግ ትንሽ የሙቀት ልዩነት የሚለይ ቴርሞፓይል የተባለ መሣሪያ አደረገ። ከዚያም በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አውጥቶ ልዩ ልዩ ጋዞችን በየተራ እየከተተ የመርፌውን እንቅስቃሴ ተመለከተ።

ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። የአየር አብዛኛው ክፍል የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን የሙቀቱን ጨረር ከሞላ ጎደል ሳይነኩት አሳለፉት። በአየር ውስጥ በጥቂቱ ብቻ የሚገኙት የውኃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጨረሩን በብርቱ መጠጡት። ከሁለቱም በአየራችን ውስጥ ኃይለኛው የውኃ እንፋሎት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ምድር ቀን ከፀሓይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ስትመልስ፣ በመንገድ ላይ ይዞ የሚያስቀርላት የዚህ የማይታይ እንፋሎት መኖር ነው። የደጋ ልጆች ይህን ያለ ቴርሞፓይል ያውቁታል። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ አየሩም በደረቀበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ደመና በሸፈነው ሌሊት ግን አይወርድም። ቲንደል የዚህን ምክንያት በቁጥር አሳይቶ ፌብሩዋሪ 1861 በለንደን ሮያል ሶሳይቲ ፊት አቀረበ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይጓደል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ሴት በ1856 በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ልዩ ልዩ ጋዞችን ለፀሓይ አስጥታ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ዕቃ ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳይታ ነበር። በዚህ አየር የተሞላ ምድር ይበልጥ ሙቀት እንደሚኖረውም ገምታ ነበር። ጽሑፏን በሊቃውንቱ ስብሰባ ላይ ያነበበላት ሌላ ሰው፣ እሱም ወንድ ነበር። ቲንደል ሥራዋን በጽሑፉ አልጠቀሰም። ዓለምም ስሟን ከመቶ ዓመት በላይ ረስቷት ኖሮ ያስታወሳት በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። እሱ የመረመረው ከምድር የሚወጣውን የሙቀት ጨረር፣ እሷ የመረመረችው የፀሓይን ሙቀት ስለ ሆነ ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ የቀደመውን ሰው ስም ማንሣት ለተከታዩ ክብሩን አይቀንስበትም።

ቲንደል ከዚህ ቀጥሎ በ1868 ከሙቀት ወደ ብርሃን ተሻገረ። ሦስት ጫማ ያህል ርዝመት ባለው የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የአንዳንድ ኬሚካሎችን እንፋሎት በጥቂቱ እየከተተ፣ ከኤሌክትሪክ መብራት የወጣ ብርቱ ጨረር ሰደደበት። ክፍሉ ጨለማ ነበር። በመጀመሪያ በቱቦው ውስጥ ምንም አይታይም። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ እንፋሎቱን ሲከፋፍለው እጅግ የደቀቁ ብናኞች ይፈጠሩና፣ ቱቦው ውስጥ እንደ ንጹሕ ሰማይ ያለ ውብ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ብናኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ሰማያዊው ቀለም ይገረጣል፤ በመጨረሻም እንደ ደመና ነጭ ይሆናል። በዚህ ብቻ አላበቃም። ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ከፀሓይ አንጻር በጎን ሲታይ ፖላራይዝድ የሚባል ልዩ ጠባይ እንዳለው ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ቲንደል ቱቦውን በጎን ሲመለከተው ያንኑ ጠባይ አገኘበት። ሰማይን ከነቀለሙ በክፍሉ ውስጥ ሠራ ማለት ነው።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። የፀሓይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። ደቃቅ ብናኝ ሲያገኘው አጭሩን ሞገድ፣ ማለት ሰማያዊውን፣ አብዝቶ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይበትነዋል፤ ረጅሙ ሞገድ፣ ማለት ቀዩ፣ አብዛኛው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጠዋት ከጎጆ ክዳን ላይ የሚወጣውን ጭስ የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ከጭሱ በስተኋላ ጥቁር ዛፍ ወይም ተራራ ሲኖር ጭሱ ሰማያዊ ይመስላል። ያው ጭስ ከፍ ብሎ ከኋላው ብሩህ ሰማይ ሲሆን ወደ ቡኒ ያደላል። የመጀመሪያው ከጭሱ ተበትኖ ወደ ዓይናችን የመጣው ብርሃን ነው፤ ሁለተኛው ጭሱን አልፎ፣ ሰማያዊው ጎድሎበት የደረሰን ብርሃን ነው። ይህ በብናኝ የሚሆን የብርሃን መበተን እስከ ዛሬ የቲንደል ውጤት ተብሎ በስሙ ይጠራል።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሌላ ችግር ገጠመው። ቱቦው ውስጥ የሚያስገባው አየር ከአቧራ ነጻ መሆን ሲገባው፣ ጨረሩ በውስጡ የሚንሳፈፈውን ሁሉ እያበራ አስቸገረው። አየሩን በእሳት ነበልባል ላይ ሲያሳልፈው ግን አቧራው ጠፋ። እንግዲህ ይህ አቧራ የሚቃጠል ነገር ነበር፤ ከድንጋይና ከአፈር ብቻ የመጣ አልነበረም ማለት ነው። ንጹሕ በሆነው አየር ውስጥ የብርሃኑ መንገድ ፈጽሞ አይታይም፤ ጨለማ ይመስላል። በመስኮት ሽንቁር የገባ የፀሓይ ጨረር የሚታየን አቧራ ስላለበት ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በጃንዋሪ 1870 ስለ አቧራና ስለ በሽታ ንግግር አደረገ። በዚያ ጊዜ ሕይወት ያለው ነገር ከማይንቀሳቀስ ነገር እንዲያው በራሱ ይፈጠራል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ የፈረንሳዩ ሊቅ ፓስተር ግን ይህን ይቃወም ነበር። ቲንደል ውስጡን በግሊሰሪን የቀባው፣ መስተዋት የተገጠመለት ሣጥን ሠራ። አቧራው ሁሉ ወርዶ ግድግዳው ላይ እስኪጣበቅ ለጥቂት ቀናት ተወው፤ የብርሃን ጨረር ልኮ ምንም አለመታየቱን አረጋገጠ። ከዚያም የተቀቀለ የሥጋና የአትክልት መረቅ በክፍት ቱቦ አድርጎ በዚያ አየር ውስጥ አስቀመጠ። መረቁ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ቈየ፤ ውጭ የተቀመጠው ግን በጥቂት ቀን ሸተተ። በ1877 ደግሞ ፈልቶ የማይሞት የጀርም ዘር መኖሩን ደርሶበት፣ መረቁን በየጊዜው ደጋግሞ በማፍላት የሚገደልበትን ዘዴ አገኘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስ ውስጥ እንዲተነፍሱበት በጥጥና በከሰል የተሠራ መተንፈሻ ያበጀላቸውም እሱ ነው።

ስለ ሰማይ ቀለም የሰጠው ትርጉም ግን ሙሉ በሙሉ አልጸናም። ቲንደል ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሎርድ ሬይሊ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1871 የመበተኑን ሕግ በሒሳብ ካስቀመጠ በኋላ፣ በ1899 የአየሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው ያለ ምንም ብናኝ ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ እንደሚበቁ አሳየ። ብናኙ ሲበዛ እንዲያውም ሰማዩን ያነጣዋል። ቲንደል ይህን ሳያይ ሞቷል። ነገር ግን ሥራው ከንቱ አልቀረም። ብናኝ ብርሃንን ይበትናል፣ አንዳንዱም ይመጥጣል የሚለው ነገር ለሰማይ ቀለም ዋና ምክንያት ባይሆን፣ ለምድር አየር ጠባይ ትልቅ ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

በአየር ላይ ተንሳፍፈው የሚቈዩት ደቃቅ ብናኞችና ጠብታዎች ዛሬ ኤሮሶል ይባላሉ። ከእሳተ ገሞራ፣ ከበረሃ አሸዋ፣ ከባሕር ጨው፣ ከፋብሪካ፣ ከተሽከርካሪና ከማገዶ ጭስ ይነሣሉ። ሁሉም ግን አንድ ሥራ አይሠሩም። ከድኝ ጭስ የሚፈጠረው ሰልፌት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከፊሉንም ወደ ጠፈር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ምድር ትቀዘቅዛለች። ጥቀርሻ ግን ብርሃኑን ይመጥጠዋል፤ ራሱ ሞቆ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቃል፤ ከበታቹ ያለችው ምድር ግን ብርሃን ይጐድልባታል። ላይ ሞቆ ታች ሲቀዘቅዝ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ይሳነዋል። ከባሕር የሚነሣውም እንፋሎት ይቀንሳል። እንፋሎት ከቀነሰ፣ አየሩም ካልተነሣ ዝናቡ ከወዴት ይመጣል? ከዚህም ሌላ የደመና ጠብታ የሚፈጠረው በብናኝ ላይ መሆኑን በቲንደል ዘመን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ኤትከን በ1880 አሳይቷል። ብናኙ ከመጠን ሲበዛ ያው ውኃ ለብዙ ጠብታ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹ ትናንሽ ስለሚሆኑ ደመናው ይነጣል፣ ለመዝነብም ይዘገያል።

ታሪክ የዚህን ምሳሌ ይሰጠናል። በ1783 በአይስላንድ ደሴት ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ለስምንት ወር ያህል ጭስና እሳት ተፋ። ከደሴቲቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ፤ አውሮፓም በደረቅ ጉም ተሸፈነች። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጉሙ የፀሓይን ኃይል እንዳደከመና የተከተለውን ብርቱ ክረምት ሳያመጣ እንዳልቀረ ጻፈ። በዚያው በ1783 እና በተከታዩ ዓመት የአባይ ሙላት አንሶ በግብፅ ረኀብ ሆነ። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱን ነገሮች ያገናኛቸዋል፤ በሰሜን የተበተነው ሰልፌት ያንን ወገን ስላቀዘቀዘው የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ተዳከመ ይላል። የአባይ ሙላት ደግሞ አብዛኛው ከእኛው ደጋ የሚወርድ ውኃ መሆኑ የታወቀ ነው። በአይስላንድ የተነሣ ጭስ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ዝናብ ሊያስቀር መቻሉን ማን ይጠረጥር ነበር?

በ1991 በፊሊፒን አገር ፒናቱቦ የተባለው ተራራ ፈንድቶ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የድኝ ጋዝ ወደ ላይ ሲወረውር፣ በሚቀጥለው ዓመት የምድር አማካይ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወረደ። በ1999 ደግሞ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት በሕንድ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል ላይ የተዘረጋውን ቡናማ ጉም ለክተው፣ ጥቀርሻው በባሕሩ ፊት ላይ የሚወርደውን የፀሓይ ብርሃን በብርቱ እንደሚቀንስ አገኙ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በሳሕል አገሮች ስለ ወረደው ድርቅም ብዙ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የድኝ ጭስ ላይ ያሳርፋሉ። ጭሱ የሰሜኑን ባሕር ስላቀዘቀዘ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ሸሸ ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው የሚል የለም። ቢሆንም አንዱ አገር ሲበለጽግ የተነሣው ጭስ የሌላውን አገር እርሻ ሊያደርቅ መቻሉ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። የእኛም እጅ ከዚህ ፈጽሞ ንጹሕ አይደለም። በገጠራችን አብዛኛው ቤት ዛሬም በእንጨትና በኩበት ያበስላል። የእናቶቻችንን ዓይን የሚያቃጥለውና ደረታቸውን የሚጎዳው ጥቀርሻ፣ ከጣራው በላይ ሲወጣም የፀሓይን ብርሃን የሚመጥጠው ያው ጥቀርሻ ነው።

ወደ ቲንደል ሕይወት እንመለስ። ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሲጻፍ መልካሙን ብቻ መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን አፍሪካውያን ሆነን አንድ ነገር በዝምታ ለማለፍ አልወደድንም። በ1865 በጃማይካ ደሴት ሞራንት ቤይ በተባለ ቦታ ድኾች ጥቁሮች በደል በዝቶባቸው ሲነሡ፣ አገረ ገዢው ኤድዋርድ አየር ወታደር አዝምቶ ከ400 በላይ ሰው አስገደለ፤ ብዙዎችን አስገረፈ፤ ቤታቸውንም አስቃጠለ። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ቻርልስ ዳርዊን፣ ጆን ስቱዋርት ሚልና የቲንደል የቅርብ ወዳጅ ሃክስሊ አገረ ገዢው በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ ከሚሹት ወገን ሆኑ። ቲንደል ግን ከአገረ ገዢው ተከላካዮች ጋር ቆመ። በ1843 ለአየርላንድ ሠራተኞች መብት ተከራክሮ እንጀራውን ያጣው ሰው፣ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በክብር ወንበር ላይ ሆኖ የጃማይካን ድኾች ጩኸት መስማት ተሳነው። በ1886 ደግሞ የገዛ አገሩ የአየርላንድ ሕዝብ በራሱ ምክር ቤት እንዲተዳደር የቀረበውን ሐሳብ አጥብቆ ተቃወመ። ለብርሃን እጅግ ስለታም የነበረ ዓይን ለሰው በደል ሁልጊዜ ስለታም አልነበረም።

ለጋስነቱ ግን እውነት ነበር። በ1872 ወደ አሜሪካ ተጕዞ በታላላቅ ከተሞች ስለ ብርሃን ንግግር ሲያደርግ፣ ከወጪው የተረፈውን 13,000 ዶላር ገደማ ለአሜሪካ የፊዚክስ ተማሪዎች መርጃ አድርጎ እዚያው ትቶት ተመለሰ። በማርቡርግ በችግር የተማረበትን ዘመን አልረሳም ነበር። በ1874 በቤልፋስት ከተማ የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ያደረገው ንግግር፣ የሳይንስና የሃይማኖት ድርሻ የት ላይ እንደሚለይ የሚያወሳ ስለ ነበር ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ አስነሣበት። በ1883 ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአማካሪነት ያገለገለበትን የመርከብ መብራት ቤቶች ሥራ፣ አንድ የአየርላንድ መብራት ሠሪ ተበድሏል ብሎ ስለ ተከራከረ ለቀቀ። እንግዲህ የ1843ቱ ወጣት ፈጽሞ አልሞተም ነበር።

ቲንደል ትዳር የያዘው በ55 ዓመቱ በ1876 ነው። ሚስቱ ሉዊዛ ሐሚልተን የመኳንንት ልጅ ስትሆን በሥራውም ትረዳው ነበር። በ1887 በሕመም ምክንያት ሥራውን ለቆ ሃይንድሄድ በተባለ የገጠር ስፍራ ኖረ። ለብዙ ዘመን እንቅልፍ በማጣት ይሠቃይ ስለ ነበር ክሎራል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ጠዋት ሉዊዛ ለሆዱ የሚወስደውን ማግኒዥያ የሰጠችው መስሏት ክሎራሉን አብዝታ ሰጠችው። ስሕተቱ ወዲያው ቢታወቅም ሊያድኑት አልቻሉም፤ በዚያው ቀን በ73 ዓመቱ ሞተ። ሉዊዛ ከዚያ በኋላ 47 ዓመት ኖረች። ያን ሁሉ ዘመን ደብዳቤዎቹንና ማስታወሻዎቹን ስትሰበስብና ስታዘጋጅ ቈይታ፣ የሕይወት ታሪኩን ሳትጨርስ በ1940 ዐረፈች። መጽሐፉን ሌሎች ጨርሰውት በ1945 ታተመ።

አንባብያን ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ሰው ታሪክ እያንዳንዳችን የሚጠቅመንን እንውሰድ። የሳይንስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን፣ በእጅ የተሠራ ቱቦና አንድ መብራት ትልቅ ነገር ሊያስገኙ እንደሚችሉ ይይ። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ደግሞ የዝናብና የድርቅ ነገር የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እንወቅ፤ ጭሱን ማን አነሣው፣ ዝናቡ የቀረው በማን ማሳ ላይ ነው፣ የጠፋውስ በማን ይተካል የሚለው ጥያቄ የሕግ፣ የታሪክና የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። በበጋ ወራት የከተማውን ጭስ ከኮረብታ ላይ ቆመን ስንመለከት፣ ፀሓይዋ ስትጠልቅ ቀልታ የምትታየን ብርሃኗ በረጅሙ አየርና በብናኙ መካከል አልፎ ስለሚደርሰን ነው። ያን ያስተማረን በደመወዝ ጭቅጭቅ ከሥራ የተባረረው የፖሊስ ልጅ ነው። ዕውቀቱን እንውረስ፤ በጃማይካ ነገር የሆነውን ግን አንድገመው።